ክንድ በማን ክንድ?

ዛሬ ገበያ ላይ ገመድ በክንድ ሲለካ ቆሞ ያየ ሰው ሻጭና ገዢ ለምን እንደሚጨቃጨቁ ይገባዋል። ክንድ ከክርን ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፤ አዋቂ ላይ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ግማሹ ስንዝር ነው፦ መዳፍ ተዘርግቶ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። ስንዝር ሦስት ጋት፣ ጋት አራት ጣት ነው፤ ስለዚህ ክንድ 24 ጣት ይሆናል። (ስንዝሩን በሌባ ጣት የሚጨርስ ሻጭ ካያችሁ፣ ዝም አትበሉ።)

ችግሩ ስህተቱ መደማመሩ ነው። በአንድ ክንድ 2 ሳንቲ ሜትር ብትጎድል፣ 20 ክንድ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። የእጅ አንጓ ከታጠፈ ክንዱ ያጥራል፤ ገመዱ ተወጥሮ ከተለካ ደግሞ ሲላላ ያንሳል። ስለዚህ ለአንድ ሥራ የአንድ ሰው ክንድ ብቻ ይያዝ፤ በልኩ ዱላ ቆርጦ በዱላው መለካት ደግሞ ይበልጣል። ሕዝቅኤል 40፥5 ላይ እንኳ የመለኪያው ዘንግ «ክንድ ከጋት» በሆነ ክንድ ስድስት ክንድ መሆኑ ተለይቶ ተጽፏል፤ የትኛው ክንድ እንደሆነ መናገር ያኔም ግድ ነበር።

ሰዓት ለማወቅ ጥላን በጫማ መለካት ግን ከዚህ ጭቅጭቅ ነፃ ነው። ሰው ጥላውን የሚለካው በራሱ እግር ነው፤ ቁመቱም ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ጫማው ስለሚሆን ረጅሙም አጭሩም በተመሳሳይ ሰዓት ተቀራራቢ ቁጥር ያገኛሉ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ግን አይሠራም።