የጫጩቶቹ ካርቶንና የአጎቴ ልጅ እባብ

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር የአንድ ቀን ጫጩት ማምጣት እብደት ነው ብለውኝ ነበር። አልተሳሳቱም። ብዙ ሰው የ45 ቀኑን የሚገዛው ያን ሁሉ የብርድ ጣጣ ሌላ ሰው ስለጨረሰለት ነው። እኔ ግን ከሥር ጀምሬ ማሳደግ አማረኝና ሳሶ ከሚባለው የዶሮ ዝርያ 25 ጫጩት አመጣሁ። ዛሬ 31ኛ ቀናቸው ነው፤ 22 ቀርተዋል።

ሦስቱ የሄዱት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን አገኘሁ፣ ሰጋቱራ አነጠፍኩ፣ አምፖል መሀሉ ላይ አንጠለጠልኩ። ለመጀመሪያው ሳምንት የሚመከረው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሬን የካርቶኑ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጌ ለጠፍኩት፤ 33 አለ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጩኸታቸው ቀሰቀሰኝ። ጫጩት ሲመቻት ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ ነው የምትጮኸው። ይሄኛው ግን ስል ነው፣ አያቋርጥም። ገልጬ ሳይ አንድ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ከሥር የነበሩ ሁለቱ ታፍነው ሞተዋል። ሦስተኛዋ እስከ ጠዋት አልቆየችም።

ቴርሞሜትሩ ያን ሰዓትም 33 ነበር የሚለው! ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫጩት የምትኖረው ደግሞ መሬት ላይ ነው። መለኪያውን በጀርባቸው ከፍታ ሳወርደው 27 ሆነ። ይባስ ብሎ መለኪያው ራሱ ዋሾ ነው። ለብ ያለ ውሃ ኩባያ ውስጥ ከትኩሳት መለኪያ ጋር ከተትኳቸው፤ የትኩሳቱ 36 ሲል የኔው 38 አለ። እንግዲህ ልጆቼ ያደሩት 25 ዲግሪ ላይ ነው ማለት ነው። በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ሳይቆጠር። ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ በዚህ ወር ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው።

በማግስቱ አሜሪካ ላለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ። እሱ ኪንግስኔክ የሚባል እባብ ያሳድጋል። እማዬ ስልኩ ላይ ስታየው ሦስቴ አማተበች፤ «ከስንቱ እንስሳ እባብ?» አለች። ሌሎች እባቦችን ስለሚበላ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፤ ንጉሥ መባሉም ከዚያ ነው አላት። ይህን ሲነግራት ባሰባት።

«አንተ አንድ ቁጥር ነው የምታሳድደው» አለኝ። የመስታወት ቤቱን አሳየኝ። አንደኛው ዳር 30 ገደማ ነው፣ ሌላው ዳር 24። ሁለት ቴርሞሜትር አለው፣ አንድ አንድ በየዳሩ። እባብ ከራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ሲበላ ለመፍጨት ወደ ሞቃቱ ይሄዳል፣ ሲበቃው ወደ ቀዝቃዛው ይመለሳል። የሚመርጠው እሱ ነው።

ጫጩት እባብ አይደለችም፤ ላባ እስክታወጣ ግን ያ ለስላሳ ጸጉሯ ብርድ አይመክትላትም። እናት ዶሮ ካለች ክንፏ ሥር ትገባለች፣ ሲሞቃት ትወጣለች። ነገሩ ለካ ያው ነው።

ሁለተኛ ካርቶን ቀጠልኩበት። አምፖሉን ወደ አንዱ ዳር ወሰድኩት፤ ውሃና መኖውን መሀል ላይ አደረግኩ። 100 ሻማ ያስፈልግ ነበር። ባለሱቁ መጀመሪያ ቆጣቢውን ሰጠኝ፤ ብርሃን ነው እንጂ ሙቀት የለውም፣ መለስኩለት። ክር ያለውን የድሮውን ነው የምትፈልጉት። በሁለት ሽቦ እሰሩት፤ ሰጋቱራው ላይ ከወደቀ ቤቱም አይተርፍ። አሁን ከአምፖሉ ሥር 34፣ ወዲያኛው ዳር 24 አካባቢ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ እነሱን ነው የማየው። አምፖሉ ሥር ተጨናንቀው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱና ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካደሉ የሆነ ቀዳዳ ነፋስ እያስገባ ነው። ተበታትነው ከተኙ በቃ፣ አትንኳቸው። በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እንዲወርድ አምፖሉን ትንሽ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ።

በ12ኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ጎረቤት ከሰል አስገባ አለኝ። በተዘጋ ክፍል ከሰል እነሱንም እኔንም ነው የሚጨርሰው፤ እንቢ አልኩ። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩና መሀላቸው አስቀመጥኩ። ከላይ ጋቢ፣ ለአየር ትንሽ ክፍተት ትቼ። ለ4 ሰዓት ውሃውን ሁለቴ ቀይሬ አንድም ጫጩት አልሞተችም። መብራት ጨርሶ የሌለው ሰው ደግሞ ዙሪያውን ጭድ የታጨቀበት ሳጥን ይሥራ፤ የራሳቸውን ሙቀት ያቅፍላቸዋል።

16ኛው ቀን ነው የገረመኝ። ለሥራ ስወጣ አምፖሉን ሳላጠፋ ረሳሁት። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ሌሊቱን ለመካስ ይመስል ቀን ታቃጥላለች፤ በመስኮት ገብታ ካርቶኑ ላይ አረፈች። ምሳ ሰዓት ላይ ስመለስ አምፖሉ ሥር 41 ነው፣ የዋሾውን 2 ቀንሼ። 22ቱም ወዲያኛው ዳር ተደርድረው አፋቸውን ከፍተዋል። በመጀመሪያው ካርቶን ቢሆን ኖሮ መሸሻ አልነበራቸውም።

አሁን ክንፍና ጀርባቸው ላባ ለብሷል። ቀን ቀን አምፖል የለም። ትናንት ማታ አበራሁላቸው፤ አንድም ሥሩ አልተኛም። እማዬ ይህን አይታ «እንግዲያው አምፖሉን አምጣ፣ ጓዳው ጨለማ ነው» አለች፤ ሰጠኋት።

ለአጎቴ ልጅ ቪዲዮ ላክሁለት። እባቡ አጠገብ እንዳይከፍተው ግን አደራ ብዬዋለሁ።