«ይሄን ከየት አገኛችሁት?»

ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ትንሽ የአማርኛ ሬዲዮ ጣቢያ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ለአሜሪካ የፕሬዚዳንቶች ቀን የአሥር ደቂቃ ዝግጅት እንዳቀርብ ተነገረኝ። ቀለል ያለ ወሬ ስፈልግ አንድ ታሪክ አገኘሁ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የገላ መታጠቢያ ገንዳ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1842 ሲንሲናቲ ውስጥ ነው። ሐኪሞች ለጤና አደገኛ ነው ብለው ተቃወሙ። 13ኛው ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞር ግን ዋይት ሐውስ አስገባው። ሦስት ድረ ገጽ ላይ ስላየሁት አልተጠራጠርኩም። አነበብኩት።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስልክ ተደወለ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ።

«ልጄ፣ ይሄን የገንዳ ነገር ከየት አገኛችሁት?»

«ከኢንተርኔት ነው ጋሼ።»

«ውሸት እኮ ነው። አንድ የባልቲሞር ጋዜጠኛ የፈጠረው ነው። አንድ ተሳፋሪ አጫውቶኝ ላይብረሪ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

እውነታቸውን ነበር። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሉዊስ ሜንከን ነው። ታሪኩን ሆን ብሎ ፈጥሮ ታኅሣሥ 1917 በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ አወጣው። ጊዜው የጦርነት ነበር፤ ትንሽ ፈገግ ለማሰኘት ነው የጻፈው። ጋዜጦች ግን እንደ እውነት ተቀባበሉት። ግንቦት 1926 ራሱ ወጥቶ «ውሸት ነበር» አለ። ኑዛዜውን ካተሙት አንዱ የቦስተን ጋዜጣ ሲሆን፣ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያንኑ ውሸት እንደ ቁም ነገር መልሶ አተመው።

ሜንከን በዚያው ዓመት ስለ ዴሞክራሲ መጽሐፍ አሳትሟል። ሕዝብን ይንቃል። ተራው ሰው ከነፃነት ይልቅ ደኅንነት ይመርጣል፣ ፖለቲከኛም በፍርሃት ይነዳዋል ባይ ነው። በፍርሃት ስለ መነዳት ያለው ውስጥ እውነት አለ፤ በየምርጫው አይቼዋለሁ። ግን የገንዳውን ውሸት ማን ነው ተሸክሞ የዞረው? አዘጋጆች ናቸው። እንደ እኔ ያሉ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው። ሕዝብማ የነገሩትን ነው የሰማው። ሜንከን ይህን እያየ ንቀቱን ወደ አንባቢው ማዞሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በማግስቱ እርማት እናንብብ ስል አለቃዬ ፊቱን አጨማደደ። «ስለ ገንዳ ማን ይጨነቃል? ሰዉ እኮ ረስቶታል» አለኝ።

«አንድ ሰው አልረሳም» አልኩት። «ላይብረሪ ድረስ የሄደ አድማጭ አለን። እሱን እንዴት ዝም እንለዋለን?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አራት ደቂቃ ሰጠኝ። ስህተቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ፣ የሜንከንንም ታሪክ ከነኑዛዜው አነበብኩ። ጋሼን በስልክ አስገባኋቸው። ስለ ራሳቸው ምንም አላወሩም። ሲጨርሱ ግን ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ ባለፈው ወር ስለ መራጮች ምዝገባ የነገርናቸውን ቀን አንስተው «እሱንስ ከየት አገኛችሁት?» አሉኝ።

ወረቀቴን አገላበጥኩ። ምንጩን አልጻፍኩም ነበር። «እስከ ነገ አጣርቼ እደውልልዎታለሁ ጋሼ» አልኳቸው። ያን ቀን ከቢሮ የወጣሁት ከምርጫ ቦርዱ ጋር ተነጋግሬ ቀኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።