ለራስ የተጻፈም ይታረማል

«እኔ ለራሴ ነው የምጽፈው» የሚል ጸሐፊ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ «የሰውን ዐይን ፈርቼ አልጽፍም» ነው፤ እሰየው። ሌላው «ስለዚህ አላርምም» ነው፤ ይሄኛው ጽሑፍ ይገድላል።

አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲክንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ስትሞት ከ1,800 ገደማ ግጥሞቿ ታትመው የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለአሳታሚ አልደከመችም፤ ለቃሉ ግን ደክማለች። ግጥሞቿን በንጹሕ ገልብጣ፣ ወረቀቱን በክር ሰፍታ 40 ትንንሽ ጥራዞች አዘጋጅታለች። ልቧን ያልሞላው ቃል ሲኖር የመደመር ምልክት ታደርግበትና አማራጮቹን ከግርጌ ትጽፋለች። ከሞተች በኋላ በ1890 ያሳተሙት ሰዎች ለዘመኑ ሚዛን ብለው ሥርዓተ ነጥቧን ቀየሩ፣ ቤት አልመታም ያሉትን አስመቱ። በ1955 ሙሉ ሥራዋ ወደ እጅ ጽሑፏ ተጠግቶ ታተመ። ያረጀው የ1890ዎቹ አሳታሚዎች እርማት ነው።

የመደመር ምልክቷ ለአማርኛም ይሠራል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ወደ ኋላ ሳትመለሱ ጻፉ፤ እዚህ ላይ አንባቢ አይግባ፣ ከገባ ማስረዳት ትጀምራላችሁ። ሁለት ሳምንት አሳድሩት። ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ምላስ የተደናቀፈበት ቃል ላይ ምልክት አድርጉና ከግርጌ ሦስት ምትክ ጻፉለት። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ሰሚው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ትንፋሹ ያልቃል። እዚያ ቁረጡት።

በሁለተኛው ንባብ «እሱ»፣ «ያን ቀን»፣ «እዚያ ቤት» የሚሉትን አክብቡ። ለራስ የተጻፈ ነገር በብዛት የሚበላሸው በእነዚህ ነው፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። ስሙን ወይም ቦታውን አስገቡ፤ ስሜቱን ግን አታብራሩ።

ጽሑፌ ለዘላለም ይኑር ብሎ የሚጽፈው ደግሞ የሚወድቀው በሌላ በኩል ነው። የግዕዝ ቃል ይከምራል፣ ሰምና ወርቅ በግድ ያስገባል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ያየዋል፤ ሰሙ ብቻውን ትርጉም ሰጥቶ ካልቆመ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ የለውም። እንዲህ ያለውን ስንኝ ከማስዋብ ሰሙን እንደ ተራ ወሬ ለጎረቤት መንገር ይሻላል። ካልገባው ስንኙ እንደገና ይጻፍ።

የተሰረዘውን ረቂቅ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዲክንሰን አንዳንዱን ቃል ሳትመርጥ ነው የሞተችው፤ ዛሬ አማራጮቹም አብረው ይታተማሉ።