እምነትን ለሌላ ስናካፍል ጸጋው ይቀድማል

ለጎረቤቱ ወይም ለሥራ ባልደረባው ስለ ካቶሊክ እምነቱ መናገር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ «እውቀቴ አይበቃም» ወይም «ባይቀበለኝስ» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ የሚመጣው ውጤቱ በራሱ እጅ ያለ ስለሚመስለው ነው። እ.ኤ.አ. በ529 የተሰበሰበው የኦራንዥ ጉባኤ ግን ለማመን የሚነሣው የመጀመሪያው ፍላጎት እንኳ የጸጋ ሥራ እንደሆነ አስተምሯል። ጌታም «የላከኝ አብ ከሳበው በቀር ወደ እኔ ሊመጣ የሚችል የለም» ይላል (ዮሐ. 6፥44)። እኛ አፋችንን ሳንከፍት መንፈስ ቅዱስ በዚያ ሰው ልብ ሥራውን ጀምሯል።

እንዲህ ከሆነ ሥራችን ከጸሎት ይጀምራል። «ለሁሉም እጸልያለሁ» ማለት ቶሎ ይረሳል፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው በስም ያዙ። በየቀኑ ከመቁጠሪያው አንድ ምሥጢር፣ ማለትም አንድ አባታችን ሆይና ዐሥር ሰላም ለኪ፣ ለእነርሱ ስጡ። ዓርብ ስትጾሙ ጾሙን ለእነርሱ አቅርቡ። በየወሩ ንስሐ ግቡ፤ በኃጢአት ታስሮ የሚኖር ሰው ስለ ምሕረት ሲናገር ቃሉ ይደርቅበታል። ከዕርገት እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ዘጠኝ ቀናት ሐዋርያት ከእመቤታችን ጋር በጸሎት የጠበቁባቸው ናቸውና ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የተመቹ ናቸው።

ቀጥሎ ማዳመጥ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ወዳጃችሁ ስለ ሮም ጳጳስ ሲጠይቅ ከጥያቄው ጀርባ በአንድ ካህን መጎዳቱ ወይም የእናቱ ሞት ሊኖር ይችላል። «ይህ ጥያቄ እንዴት መጣልህ?» በሉትና ጨርሶ እስኪናገር ጠብቁ። ከዚያ የተጠየቃችሁትን ብቻ በአጭሩ መልሱ። ቅዱስ ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት ዘወትር ተዘጋጁ ካለ በኋላ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይጨምራል (1ጴጥ. 3፥15)። የማታውቁት ሲመጣ «ቆሞሱን (የቁምስናውን ካህን) ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉ፤ ቃላችሁንም በዚያው ሳምንት ጠብቁ።

ለዚህ በአገራችን ከአቡነ ያዕቆብ የተሻለ አብነት የለም ብዬ አምናለሁ። አቡነ ያዕቆብ የሚባለው ጣሊያናዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ ሲገባ ቋንቋ ተማረ፣ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሰ፣ የግዕዙንም ሥርዓት አከበረ። በ1841 ከእርሱ ጋር ወደ ካይሮና ወደ ሮም በተጓዘው ልዑክ ውስጥ የመርጡለ ማርያሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኚህ ሊቅ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844 ነው። የዚህ ዓይነት ሊቅ ሦስት ዓመት ያህል መረመረ፤ እኛ አንድ ሰው በሁለት ወር ካልወሰነ ተስፋ እንቆርጣለን። አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 ስለ እምነታቸው በእስር ሳሉ ዐረፉ፤ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። ጳውሎስ «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ ነገር ግን እግዚአብሔር ያሳድግ ነበር» ያለው ይህንኑ ነው (1ቆሮ. 3፥6)።

ሥራው የሚበላሸው በጥቂት መንገዶች ነው። ከሁሉ የከፋው ክርክርን ማሸነፍ መፈለግ ነው፤ በተለይ በፌስቡክ ሰው ፊት የተሸነፈ ሰው ልቡን ይዘጋል። ሁለተኛው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንን ጾም፣ ማኅሌትና ቅዱሳን ማቃለል ነው። የእኛም የግዕዝ ቅዳሴ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ስለሆነ፣ ያን የሚነቅፍ ካቶሊክ የራሱን ቤት ያፈርሳል። እርዳታን ከእምነት ጋር ማያያዝም አለ፦ ስንዴ፣ የትምህርት ቤት ቦታ ወይም ሥራ ለመግቢያ ማባበያ አይሆንም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው ሰነድ፣ በተለይ ድሆችንና ያልተማሩትን እንዲህ መሳብ የሰውን መብት መንካት እንደሆነ ገልጿል። ለተራበ ሰው እንጀራ ስጡት፤ በምላሹ ምንም አትጠብቁ።

ወዳጃችሁ ቅዳሴ ማየት ከፈለገ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚንበረከክ በሹክሹክታ ንገሩት። ስለ ቅዱስ ቁርባን ግን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ሰልፉ ላይ ደርሶ መመለስ ያሳፍራል።

«መግባት እፈልጋለሁ» ካለ ደግሞ ወደ ቆሞሱ ውሰዱት። ያልተጠመቀ ሰው ንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ለጥምቀት የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ሆኖ ይማራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠመቀውም በትንሣኤ ሌሊት ነው። ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሚመጣው ጥምቀቱም ሜሮኑም የጸና ስለሆነ አይደገምለትም፤ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ የካቶሊክን እምነት መመስከር ይበቃዋል፤ ሥርዓቱም የግዕዝ ሆኖ ይቀጥላል። ከፕሮቴስታንት የሚመጣው በውሃና በሥላሴ ስም መጠመቁን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ካልተገኘም የምስክር ቃል፣ ይዞ ይምጣ። ቤተሰቡ ሊቃወም ስለሚችል በእነዚያ ወራት ብቻውን አትተዉት፤ እሑድ እሑድ አብራችሁት አስቀድሱ፤ ለተቃወሙትም ዘመዶቹ በስም ጸልዩ።