ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት

አንድ ወረቀት ላይ ሰዓት አሳስቼ ጽፌ ሰው ሊሞትብኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ውሃ ላይ፣ መንገድ ላይ ወይም ሜዳ ላይ ዝግጅት የምታሰናዱ ልጆች እንድታነቡት ብዬ ነው።

የምሠራው ዝግጅት በሚያሰናዳ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የሰፈር ሩጫ፣ የተገኘውን እንሠራለን። አንድ ቀን ባለ ሸራ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች መጡ። ቢሾፍቱ ወርደው ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ትንሽ ውድድር ማድረግ ፈልገዋል። ስድስት ጀልባ፣ ለግማሽ ቀን። ድንኳኑንና ምግቡን ሌሎች ያዙ፣ የደኅንነቱ ጉዳይ ለኔ ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት ለሩጫ መንገድ አዘግቼ አውቃለሁ። ውሃ ግን ዘግቼ አላውቅም።

ሐይቁን ለማታውቁት፣ ባቦጋያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። ክብ ነው ማለት ይቻላል፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጥልቀቱ ግን 65 ሜትር ያህል ይደርሳል። ዳሩም ገደል ገደል ይላል፣ ትንሽ ገባ ካላችሁ እግር መሬት አያገኝም። ዙሪያውን ሎጅና መኖሪያ ቤት ነው። በመሐል በመሐል ሰው የሚወርድባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ። ልጆች ይዋኛሉ፣ ልብስ የሚያጥብ አለ፣ አጥማጆች ቆሮሶ ያወጣሉ። ውሃው የሁሉም ነው።

ባለ ሸራ ጀልባ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ነፋሱ ወደሚመጣበት በቀጥታ መሄድ አይችልም፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየሰያፈ፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ታንኳ ላይ ለተቀመጠ ሰው በቀጥታ የሚመጣበት ይመስለዋል፣ ከዚያ ድንገት ይዞራል። ሰዎቹ ያመጧቸው ጀልባዎች ሌዘር የሚባሉት ነበሩ፣ ርዝመታቸው 4 ሜትር ከ20፣ አንድ ሰውና አንድ ሸራ። ከሥራቸው ወደ ውሃው የሚወርድ ሳንቃ አላቸው፣ ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ጎን እንዳይገፋት የሚይዝ። ይህን ሳንቃ ልብ በሉልኝ።

ሦስት ሰዓት ለሚፈጅ ውድድር ጊዜያዊ ደንብ ማውጣት ነበረብን። እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ ስለማላውቅ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ፣ ማለትም የባሕር ዳርቻ ጥበቃው፣ ለጀልባ ውድድሮች የሚያወጣቸውን ጊዜያዊ ደንቦች አገኘሁ። ወደድኳቸው። የተከለለው ውሃ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ማለፍ የፈለገ ማንን እንደሚያስፈቅድ፣ ሲያልፍም ቀስ ብሎ እንዲሄድ፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። በዚያው መልክ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩ። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ጀልባ ላይ አይወጣም። የሚዋኝ ሰው ገመድ ከተዘረጋበት አያልፍም። ታንኳና መረብ ለዚያ ሰዓት ከውሃው ይወጣል። ሰዓቱን ከጀልባ ነጂዎቹ ፕሮግራም ላይ ቀዳሁት፦ «ከ9:00 እስከ 12:00»። እነሱ የጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከነሱ ጋር በኢሜይል ስጻጻፍ ስለከረምኩ እኔም ሳላስበው በዚያው ሰዓት ነበር የማስበው። ሰፈራችን ያለው ኮፒ ቤት ሃያ ቅጂ አሳተምኩ፣ ላሚኔት አስደረግኩ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወርጄ በየመውረጃው ለጠፍኩ። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ነበር፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ። የሸራ ውድድር ዝም ብሎ አይጀመርም። አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ባንዲራ ይወጣል፣ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሌላ፣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛው ይወርዳል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ሲወርድ ጀልባዎቹ ይለቀቃሉ። እኔ ከነጂው ጋር የነፍስ አድን ሞተር ጀልባው ላይ ነበርኩ። ባንዲራ በሚወጣበት ሰዓት ነው በምሥራቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው ያየሁት። ከፊታቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች ውሃው ላይ ተደርድረው ይንሳፈፋሉ። መረብ ማለት ነው። ፊሽካ ነፋሁ፣ እጄን አወዛወዝኩ። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ። ጀልባዎቹ ከተለቀቁ በኋላ ሄጄ አናግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። ማስጀመሩን ማስቆም እችል ነበር። ሥልጣኑ ተሰጥቶኛል፣ ሬዲዮው እጄ ላይ ነው። አላስቆምኩም።

ስድስት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። አንዲት ልጅ ሸራዋን አጥብቃ ወደ ምሥራቁ ዳር እየሰያፈች ሄደች። መዞሪያዋ እዚያ ነው። ጠርሙሶቹን አላየቻቸውም፣ ሸራው ከልሎባታል። ጀልባዋ የሆነ ሰው ከሥር የያዛት ይመስል ቀጥ አለች፣ ያ ሳንቃ መረቡ ውስጥ ገብቷል። ሸራው ተወርውሮ ዞረ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች። መገልበጥ በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው። የወደቀው ሰው ወጥቶ ሳንቃው ላይ ይቆምና መልሶ ያቀናታል። ልጅቷ ብቅ አለች። ከዚያ ተመልሳ ገባች። እግሯን መረቡ ይዞታል። ላይፍ ጃኬቱ ወደ ላይ ይጎትታታል፣ መረቡ ወደ ታች።

ነጂው ሞተሩን በሙሉ ኃይል ለቀቀው። ልንደርስ ስንል «አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ። ፕሮፔለሩ መረቡን ከያዘ ይጠቀልለዋል፣ እግሯንም አብሮ ይጎትታል። አጠፋው። አሥር ሜትር ያህል ሲቀረን ቆምን። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይዘናል፣ ገመድ ይዘናል፣ ሬዲዮ ይዘናል፣ ሦስት ፊሽካ ይዘናል። ቢላ አልያዝንም። እዚህ ነገር ላይ ሳስበው አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ሽማግሌው ቀድመውን ደርሰዋል። በአንድ እጃቸው የላይፍ ጃኬቷን ማንገቻ ጨብጠው አንገቷን ከውሃ በላይ ያዙ። በሌላው አጭር ቢላ ይዘው ከታንኳው ጎንበስ ብለው የገዛ መረባቸውን ቆረጡት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። እጃቸው አይጣደፍም ነበር። ሁለቱ ቅርብ ጀልባዎችም ውድድሩን ትተው መጡ። በኋላ እንደነገሩኝ በሸራ ውድድር ደንብ ውስጥ የመጀመሪያው ደንብ ይኸው ነው፤ አደጋ ላይ ላለ ሰው የሚቻለውን እርዳታ ሁሉ መስጠት።

ልጅቷ ዳር ወጥታ ጋቢ ደረቡላት፣ ሻይ ሰጧት። ቁርጭምጭሚቷ ላይ መረቡ ያሰመረው ቀይ መስመር ነበር፣ ሌላ ጉዳት የለባትም። እኔ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ላመሰግናቸውም ነበር፣ ልወቅሳቸውም ነበር።

«አባባ፣ ወረቀቱን አላዩትም እንዴ?»

«አይቻለሁ ልጄ። የልጅ ልጄ አንብቦልኛል። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ከውሃው ውጡ ነው የሚለው። እኔ እስከ 6 ሰዓት መረቤን ሰብስቤ ልወጣ ነበር።»

መልስ አልሰጠኋቸውም። ወደ መውረጃው ሄድኩ። ወረቀቱ ግራሩ ላይ እንደለጠፍኩት አለ፣ ላሚኔቱ ላይ ጤዛ ተቀምጧል። በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ከ9:00 እስከ 12:00። በአማርኛ፣ በኛ አገር፣ ለኛ ሰው ከ9 እስከ 12 ማለት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ጠዋት የሚል ቃል የለም። ሰውየው ወረቀቱን አክብረዋል። እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ያከበሩት እሳቸው ናቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ውሃ ደንብ ማንበብ ቀጠልኩ። በፈረንጆቹ 1972 የወጣ የመርከብ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። 18ኛው አንቀጽ ላይ በሸራ የሚሄድ፣ መረብ ጥሎ ለሚያጠምድ መንገድ ይለቃል ይላል። ደንቡ የባሕር ነው፣ ለባቦጋያ ተብሎ አልተጻፈም። ምክንያቱ ግን የትም ውሃ ላይ ይሠራል። መረብ የጣለ ሰው ቶሎ መነሳት አይችልም፣ ባለ ሸራው ግን መዞር ይችላል። ስለዚህ የኔ አንድ ገጽ ወረቀት ያደረገው ነገር ትንሽ አይደለም። በተለመደው ቀን ቅድሚያ የሚሰጠውን ሰው ለሦስት ሰዓት ተነስ ብሎታል። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ሲጠየቅ ዛፍ ላይ ለጥፎ መሄድ አይበቃም። ፊት ለፊት ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ በሰውየው ሰዓትና በሰውየው ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል። ዓርብ ዕለት ሐይቁን ዞሬ ሃያ ወረቀት ስለጥፍ ከአንድም አጥማጅ ጋር አላወራሁም ነበር።

ሰኞ ቢሮ ውስጥ የመረቡ ነገር ተነሳ። ሰውየው ራሳቸው ናቸው የቆረጡት፣ ለምን እንከፍላለን ያለ ሰው ነበር። ተቆጣሁ፣ ድምፄም ከፍ አለ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ከደሞዜ ቁረጡ አልኩ። በመጨረሻ ድርጅቱ ግማሹን፣ ጀልባ ነጂዎቹ ግማሹን አዋጡ፣ አዲስ መረብ ተገዛ። ይዤላቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ገመዱን በጣታቸው ፈትገው አዩት፣ «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ቡና ተፈላ።

ሁለተኛው ውድድር ከሦስት ወር በኋላ ነበር። በዚህኛው ሰዓቱን የመረጥነው ከአጥማጆቹ ጋር ተቀምጠን ነው። ወረቀቱ ላይ «ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት» ብለን በቃል ጻፍን፣ በኦሮምኛም ጨመርን። ግን ከወረቀቱ ይልቅ የተማመንነው ቀይ ጨርቅ ላይ ነው። ከሁሉም መውረጃ በሚታይ ረጅም እንጨት ላይ ሰቀልነው። ቀዩ ከተሰቀለ ውሃው ተዘግቷል፣ ከወረደ ተከፍቷል። ማንበብም ሰዓት ማየትም አይጠይቅም። ነፍስ አድን ጀልባው ላይ ሁለት ቢላ ታሰረ፣ አንዱ ከነጂው ወንበር ጎን፣ አንዱ ከፊት። ማስጀመሪያው ባንዲራ ከመውጣቱ በፊት ሐይቁን አንድ ጊዜ ዞርኩ፣ የሚንሳፈፍ ጠርሙስ ካለ አንጀምርም ብዬ ለሁሉም ነገርኩ። አንድ አገኘሁ። አንስተን አየነው፣ ከሥሩ መረብ የለም፣ የተጣለ ባዶ ሃይላንድ ነበር። ለዚያ ብለን አሥር ደቂቃ ዘገየን፣ ማንም አላጉረመረመም።

ሽማግሌው ጠዋቱን ሙሉ ዳር ተቀምጠው አዲሱን መረብ ሲያስተካክሉ ቆዩ። ውድድሩ 5 ሰዓት ከ40 ላይ አለቀ። እስከ 6 ሰዓት አልጠበቅንም፣ ጨርቁን ወዲያው አወረድነው። እኛ የመዞሪያ ምልክቶቹን ሰብስበን ሳንጨርስ ታንኳቸው ውሃው ላይ ነበረች።