ስልክህ የት ነበር?

ጋሼ ሰዓቱን ይዘው የመጡት ፖስታው በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የሰዓት መጠገኛ ሱቃችን የኔ ጠረጴዛ መስኮቱ ጋ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። የ1960ዎቹ ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን፣ ፊቱ እንደ ተደፋ ሳህን ዙሪያው ዝቅ ያለው። በ1,200 ዶላር ኦንላይን ነው የገዙት። ማስታወቂያው «በቅርቡ ሰርቪስ የተደረገ፣ ምንም እንከን የሌለው» ይላል።

«በቀን አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። እስቲ እየው» አሉኝ።

ሻጩ የአሥራ አራት ቀን መመለሻ ሰጥቷቸዋል። ይህንንም ነግረውኛል። ሰምቻለሁ።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከፈትኩት። የመመርመሪያው መሣሪያ ላይ ሳስቀምጠው፣ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ እንኳ ባላንሱ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሰዓቱን የሚያስኬደው መንኮራኩር፣ የሚወዛወዘው 160 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሰዓት ከ270 በላይ ያሳያል። የጀርባ ክዳኑ ከውስጥ በኩል ግማሽ ክብ ሆኖ ተፍቋል፤ ከበላይ እየተሽከረከረ ሰዓቱን የሚሞላው ክብደት ዘንጉ ተበልቶ፣ ዘሞ ክዳኑን ሲልገው ኖሯል። ሰዓት ሠሪዎች ሰርቪስ ሲያደርጉ ክዳን ውስጥ በመርፌ የሚጭሩት ምልክትና ቀን አለ፤ እዚህ ላይ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. 1994 ነው። ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። የመሙያው ጎሚኒ እንደ ጠጠር ደርቋል፤ ውኃ የገባው በእሱ በኩል ነው። የዚያ ዘመን የኦሜጋ ማሽን መዳብ የሚመስል ውብ መልክ አለው። በመሙያው ዘንግ ዙሪያ ግን ያ መልክ ጠፍቶ ጥቁር ቡናማ ዝገት አብቅሏል።

ዝገት ሳይ እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፒያሳ ሥራውን ያስተማረኝ ሰው «ዝገት ካየህ ወዲያው፤ አያድርም» ይል ነበር፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የሰማሁት። ካቻቢቴና ወረንጦ አነሳሁ። ማሽኑን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ዝገቱን በእንጨትና በፋይበር ብሩሽ ፈግፍጌ አነሳሁ። የመሙያው ዘንግ በመሃል ስለተበላ አወጣሁት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ ጥሩ ሥራ ሠርቼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደውዬ ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው ለሻጩ ጻፉ። መልሱ በዚያው ቀን መጣ፦ ሰዓቱ ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር፣ ሌላ ሰው ፈቶታል፣ አልቀበልም። የገዙበት ድረ ገጽም ለሻጩ ፈረደለት። ለጋሼ የቀረበው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሰዓቱ ሲደርስዎ እንዲህ እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ አለዎት? የለም። ያወጣሁት የዛገ ዘንግ በእጄ አለ፤ ነገር ግን ከሰዓት ውስጥ ከወጣ በኋላ ዘንግ የማንም ሊሆን ይችላል።

ሰኞ ሱቅ መጡ። አልተቆጡም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው።

«ልጄ፣ ዝገቱን ያየኸው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማታ።»

«የጠረግከውስ?»

«ያኑ ማታ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «በመሃል ስልክህ የት ነበር?»

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። የስልኩን መብራት አብርቼ ነው ዘንጉ ሥር ያለውን ዝገት ያየሁት። አንድ ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «አንተ አበላሸህብኝ አልልህም፤ ግን ገንዘቡም ሰዓቱም የኔ ነበር። መጠየቅ ነበረብህ» አሉ።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሰላሳ ዓመት የዛገ ብረት አንድ ሌሊት ቢያድር ምንም አይሆንም ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው አይደለሁም።

ሰዓቱ ለእሳቸው ምን እንደሆነ የነገሩኝም ያን ቀን ነው። አባታቸው አዲስ አበባ የገዙት ኦሜጋ ነበራቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ሲወጡ መንገድ ላሳያቸው ሰው ያን ሰዓት ከእጃቸው አውልቀው ሰጡት።

ያን ማታ የማስታወቂያውን አሥራ ሁለት ፎቶዎች አንድ በአንድ እያጎላሁ አየሁ። ሦስቱም ቆጣሪዎች በአሥራ ሁለቱም ላይ ያሉት አንድ ቦታ ነው። ሰከንድ ቆጣሪው ሰባተኛው ምልክት ላይ ቆሟል። ይህ 561 የሚባለው ማሽን መሙያው ቢሳብም ሰከንድ ቆጣሪው እንዲቆም ሆኖ አልተሠራም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ከፊትም ከጎንም ሲነሳ አልሄደም ማለት ነው። አንድም የማሽኑ ፎቶ የለም። «በቅርቡ ሰርቪስ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ክዳኑን ከፍቶ ማሳየት ምን ያቅተዋል? ሰዓቱ ሲሄድ አሥር ሰከንድ ቪዲዮ መቅረጽስ? ሰውየው የሚሸጠውን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ ይህን ጨምረው እንደገና አቤት አሉ። ሻጩ ምንም ቃል ሳይጽፍ 350 ዶላር መለሰ። በዚያ ላይ እኔ ጨምሬ ዘንጉንና የክብደቱን መሽከርከሪያ ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን፣ ጎሚኒውን አዲስ ገዛሁ። የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም።

አሁን ጋሼ ሰዓት ካማራቸው ሊንኩን ሳይገዙ ይልኩልኛል። የማሽኑን ፎቶ ቁጥሩ እየተነበበ ያስልኩ እላቸዋለሁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ እንለፈው እላለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ የስልክ ማቆሚያ ተክያለሁ። ያም ሆኖ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት ስከፍት ዝገት አየሁና ወረንጦው በእጄ ገብቶ አገኘሁት።

ኮንስቴሌሽኑን ሊወስዱ የመጡ ቀን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በትንሽ ፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው። ከመካከላቸው የዛገውን ዘንግ ለዩና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይቺን ብቻ እንኳ እዚያው እንዳለች ብታነሳት» አሉ፤ ፌስታሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።