ቡና ማስጫ ላይ ስፒን መማር

ጅማ ውስጥ በረዶ የምናውቀው ከሰማይ ሲወርድ ብቻ ነው። የምንንሸራተትበት የለም። ስለዚህ የፊገር ስኬቲንግን፣ ማለትም በረዶ ላይ በስለት ጫማ የሚደረገውን ስፖርት፣ መሠረታዊ ስፒን (አንድ ቦታ ላይ መሾር) ለመማር ስነሳ እጄ ላይ የነበረው ያገለገለ ሮለር ጫማ ነው፣ አራት ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበት ዓይነት።

አስፋልቱ የባጃጅ ነው፣ አይታሰብም። ከከተማ ወጣ ብሎ ግን ጀንፈል ቡና የሚሰጣበት ሰፊ ሲሚንቶ አገኘሁ። የለቀማው ወቅት ካለፈ ባዶውን ይውላል። ጥበቃውን አስፈቀድኳቸው። «ግቢ ልጄ፣ ብቻ ወድቀሽ ጣጣ እንዳታመጪብኝ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሥራ መጥረግ ነው። አትናቁት። አንዲት ጠጠር ወይም የተረሳች የቡና ፍሬ ጎማ ሥር ከገባች ጎማው ቀጥ ይላል፣ እናንተ ግን ትቀጥላላችሁ። ሄልሜትና የጉልበት መከላከያም ያስፈልጋል።

በሁለት እግር ጀመርኩ። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ለስለስ፣ ክብደት በአንዱ እግር ወደ ጣት፣ በሌላው ወደ ተረከዝ። አራቱም ጎማ እኩል መሬት ከነካ ሲሚንቶው ይይዛችኋል። በረዶ ላይ የጫማው ስለት ከሥሩ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ፣ ስለቱ ጫፍ ላይ ካለው ጥርስ ትንሽ ወደ ኋላ ባለች ነጥብ ላይ ነው የሚሾሩት።

ዋናው ጉዳይ እጅ ነው። ሁሉም ሰው እጁን ቶሎ መሰብሰብ ይፈልጋል፣ ፍጥነቱ እዚያ ነዋ! ግን እጅ መሰብሰብ አዲስ ዙረት አይፈጥርም። ያለውን ዙረት ነው የሚያፈጥነው። መሃሉን ሳትይዙ ከሰበሰባችሁ መንገዳገዱም አብሮ ይፈጥናል። እኔ እጄን ዘርግቼ እገባለሁ፣ አንድ ሙሉ ዙር እታገሳለሁ፣ ክብደቴ አንድ ቦታ መርጋቱ ሲሰማኝ ቀስ ብዬ ወደ ደረቴ እሰበስባለሁ። ያኔ እንደ እንዝርት ነው። ይቺ አንድ ዙር ትዕግሥት ከሌላው ልምምድ ሁሉ በልጣብኛለች።

«አያዞርሽም?» ይሉኛል ጥበቃው። እንዴት አያዞረኝም! ጆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰውነት ከቆመም በኋላ መዞሩን አያቆምም። የባሌት ዳንሰኞች ጭንቅላታቸውን ቶሎ ቶሎ እየመለሱ አንድ ነጥብ ያያሉ፤ ስኬተሮች ግን በዚያ ፍጥነት አይችሉም፣ አብሮ መዞርን ይለምዱታል። እኔ ስዞር ወደ መሬት አላይም፣ ስቆም ደግሞ በሩ ላይ አፈጣለሁ። ቁርስ በልቶ ወዲያው መሾር ግን አልመክርም።

ቀጥሎ አንድ እግር መጣ። ወደ ግራ ለሚዞር ሰው የሚሾረው በግራ እግር ነው። መውጫው ደግሞ በቀኝ እግር ወደ ኋላ እየሄዱ፣ እጅን ከፍቶ ነው። እጅ ሲከፈት ዙረቱ ይበርዳል። ስዊዘርላንዳዊቷ የበረዶ ስኬተር ሉሲንዳ ሩ በ2003 እ.ኤ.አ. በአንድ እግር 115 ጊዜ ሳታቋርጥ ዞራለች። እኔ ሦስቱን ሳልንገዳገድ ከጨረስኩ ቡና ይገባኛል።

ሰሞኑን ዝናቡ ገብቷል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ጎማ አያስተማምንም። የመውጫውን አቋም ሳሎን ውስጥ በካልሲ እየተለማመድኩ ነው። እናቴ «ወለሉን እያጸዳሽልኝ ነው፣ በርቺ» ብላለች።